ጠመንጃውን የዘቀዘቀው ወታደር፦ መናፈሻ ውስጥ የቆመ የጦርነት መታሰቢያ እንዴት ይነበባል?

መናፈሻው መሀል ቆሟል። የብረት ቆቡ ላይ እርግብ ሰፍራለች፤ ከቆቡ ጠርዝ እስከ አገጩ ድረስ አረንጓዴ መስመር ወርዷል። ከእግሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ስሞች ተደርድረዋል። ደረጃው ላይ ልጆች ይዘላሉ፤ አንድ ሰው ጀርባውን ለስሞቹ ሰጥቶ ጋዜጣ ያነባል። እንዲህ ያለ ወታደር በብዙ አገር፣ በብዙ ከተማ አለ። በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያየው ግን ከስንት አንድ ነው።

ቀና ያለውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ፊቱን ነው። ፊቱ እምብዛም አይናገርም። እንዲያውም፣ ቆይተን እንደምናየው፣ በካታሎግ ተመርጦ በባቡር የመጣ ፊት ሊሆን ይችላል። ነገሩ ያለው እጁ ላይ ነው። ሳንጃውን ሰክቶ ወደ ፊት የሚሮጥ ከሆነ ሐውልቱ የሚያወራው ስለ ድል ነው። ጠመንጃውን ከጎኑ አቁሞ ሩቅ የሚመለከት ከሆነ ዘብ ላይ ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ዞሮ የጫማው ጫፍ ላይ ካረፈ፣ ሁለት እጆቹ ሰደፉ ላይ ከተደራረቡ፣ አንገቱንም ከደፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወታደር ጠመንጃውን የሚዘቀዝቀው ቀብር ላይ ነው። ይህ ሰው ጓደኛውን እየቀበረ ነው።

ታዲያ መቃብሩ የት አለ? እግሩ ሥር ቢቆፈር አብዛኛውን ጊዜ ከመሠረት ድንጋይ በቀር የሚገኝ ነገር የለም። የዚህ ዓይነቱ ሐውልት ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ የቆሙት አስከሬናቸው ወደ ቤት ላልተመለሰ ሰዎች ነው። የድንጋዩ ቅርጽ፣ የስሞቹ አደራደር፣ በዙሪያው ያለው አጥር፣ እንዲነሣ ሲታሰብ የሚቀሰቀሰው ቁጣ ሳይቀር ከዚህ ይመዘዛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለረጅም ዘመን ሐውልት የንጉሥና የጄኔራል ነበር። ጄኔራሉ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ አደባባዩን ቁልቁል ያያል፤ ጦርነቱን የተዋጉለት ሺዎች በጅምላ ጉድጓድ ይቀበራሉ፤ ስማቸውን የሚጽፍ የለም። መቼም ፈረስ ከተነሣ አይቀር፣ የፈረሱ አንድ እግር ከመሬት ከተነሣ ጋላቢው ቆስሏል፣ ሁለቱ ከተነሡ ደግሞ በጦር ሜዳ ሞቷል የሚባል ወሬ በየአገሩ አለ። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ቀራጺው የፈረሱን እግር የሚያነሣው ወይም የሚያሳርፈው እንደ ውበቱና እንደ ሚዛኑ ነው።

ተራው ወታደር ሐውልት መሆን የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በዴንማርክ በፍሬደሪሲያ ከተማ በ1858 የተመረቀው የቀራጺው ሄርማን ቪልሄልም ቢሰን ሥራ ስም የሌለው እግረኛ ወታደር ነው። በአንድ እጁ ጠመንጃ ይዞ በሌላው ለምለም ቅርንጫፍ ወደ ላይ አንሥቷል። በዓለም ላይ ለተራ ወታደር ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ ይነገርለታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ በክራይሚያ ጦርነት ለሞቱት የክብር ዘበኞች መታሰቢያ ሲቆም እዚያም ላይ የወጡት ተራ ወታደሮች ነበሩ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጦር ሠራዊት ከቅጥረኛ ስብስብ ወጥቶ የዜጎች ሠራዊት እየሆነ ነበር፤ ወታደሩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቤተሰቡም ጋዜጣ ያነባል። የሞተው ሰው የሆነ ቤት ልጅ ሆኖ መታየት ጀመረ።

ነገሩን የዓለም መልክ ያሰጠው ግን ከ1914 እስከ 1918 የተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ፈረንሳይ ብቻዋን ወደ 1.4 ሚሊዮን ወታደር አጣች። መድፍ ከሰው ብዙ የሚያስቀረው ነገር አልነበረውም፤ የተቀበረውንም መልሶ የሚያወጣው የሚቀጥለው ድብደባ ነበር። ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ከተማ ያለው፣ በ1927 የተመረቀው የሜኒን በር፣ መቃብራቸው የማይታወቅ ከ54,000 በላይ የብሪታንያና የግዛቶቿ ወታደሮችን ስም ይዟል። ፈረንሳይ ውስጥ ቲየፕቫል ላይ ያለው ደግሞ ከ72,000 በላይ ስም አለበት። እነዚህ ሰዎች ሞተዋል፤ መቃብር ግን የላቸውም።

መቃብር የነበራቸውም ቢሆኑ ወደ ቤት አልመጡም። ብሪታንያ አስከሬን ወደ አገር ማምጣትን ጦርነቱ ገና በተፋፋመበት በ1915 ከለከለች፤ ክልከላው ከጦርነቱም በኋላ ጸና። አንዱ ምክንያት ብዛቱ ነው። ሌላው ምክንያት እኩልነት ነው፤ ገንዘብ ያለው ልጁን አምጥቶ ሲቀብር ድሃው ባዶ እጁን እንዳይቀር። ስለዚህ ጄኔራሉም ተራው ወታደርም በወደቁበት አገር፣ በአንድ ዓይነት የድንጋይ ምልክት ሥር ተቀበሩ። ፈረንሳይ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1920 አስከሬን ማምጣትን ፈቀደች፤ አሜሪካም ምርጫውን ለቤተሰብ ተወች። አውስትራሊያ ከ60,000 በላይ ወጣት የሞተባት የግማሽ ዓለም መንገድ ርቆ ነው፤ ለአብዛኞቹ እናቶች መቃብሩን ማየት የማይታሰብ ነበር።

በአማርኛ «እርሟን አላወጣችም» የምንለው ለእንዲህ ያለችው እናት ነው። አስከሬን አላየችም፣ አፈር አላለበሰችም፣ የምትሄድበት መቃብር የላትም። የመናፈሻው ወታደር የቆመው ለእርሷ ነው። በዓመቱ ቀን አበባ የምታስቀምጥበት፣ የልጇን ስም በጣቷ የምትዳስስበት ድንጋይ ሆነላት። ስሞቹ አብዛኛውን ጊዜ በፊደል ተራ የሚጻፉት፣ ብዙ ቦታ ማዕረግ የሚቀረውም በዚሁ መንፈስ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ በብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ሞተው የቀሩት ብቻ ሳይሆኑ በሕይወት የተመለሱትም ተጽፈዋል። እዚያ ለባሕር ማዶ ዘመቻ ግዳጅ አልነበረም፤ በ1916ና በ1917 ሕዝቡ ሁለት ጊዜ በድምፁ ውድቅ አድርጎታል። ሄዶ የተዋጋው ሁሉ ፈቅዶ የሄደ ስለሆነ ስሙ መጻፍ አለበት ተባለ። የዚህ ሌላው ገጽ ደግሞ ደስ አይልም፤ ስሙ ድንጋዩ ላይ የሌለ ወጣት አለመሄዱ ለመንደሩ ሁሉ ይታወቃል።

ሐዘኑን ምን ያህል ማሳየት እንደሚገባ ግን ስምምነት አልነበረም። ለንደን ውስጥ በሃይድ ፓርክ ጥግ በ1925 የቆመው የመድፈኞች መታሰቢያ በአንድ ጎኑ የሞተ ወታደር ተጋድሞበታል፤ ፊቱ በካፖርቱ ተሸፍኗል። ቀራጺው ቻርልስ ሳርጀንት ጃገር ራሱ በጦርነቱ የተዋጋና የቆሰለ ሰው ነበር። ብዙ ተቺዎች አስደንጋጭ ነው ብለው ተቃወሙት። ይኸው ሰው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ለፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ የሠራው ወታደር በእኔ ዓይን ከሁሉም ይበልጣል። ጠመንጃ አልያዘም። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የሹራብ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ደብዳቤ ያነባል። ባቡር የሚሳፈረው ሰው ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል፤ ደብዳቤው ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ፈረንሳይ ውስጥ ዣንቲዩ በምትባል ትንሽ መንደር ደግሞ ወታደር ራሱ የለም፤ በድንጋዩ ፊት የተማሪ ልብስ የለበሰ ወላጅ አልባ ልጅ ቆሞ «ጦርነት የተረገመ ይሁን» ወደሚለው ጽሑፍ ጡጫውን ዘርግቷል።

እንዲህ ያለው ልዩ ሥራ ግን የጥቂቶች ዕድል ነው። ትንሽ ከተማ፣ ከየቤቱ የተዋጣ ገንዘብ፣ የሚቸኩል ኮሚቴ፤ ቀራጺ ቀጥሮ ለዓመታት መጠበቅ የማይቻላቸው ነበሩ። መፍትሔው ካታሎግ ነበር። የፈረንሳዩ ቀራጺ ኧዤን ቤኔ አንድ ደስተኛ ወታደር ቀረጸ፤ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ የድል ምልክት ይዟል። አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ያንኑ ወታደር እየደጋገመ አወጣው፤ ዛሬ በፈረንሳይ ከተሞች ወደ 900 የሚጠጉ ቅጂዎች እንዳሉት ይገመታል። ከቦታ ቦታ የሚለየው ቀለሙና ከእግሩ ሥር ያሉት ስሞች ናቸው።

አሜሪካውያን ይህን ንግድ ቀደም ብለው፣ ከ1861 እስከ 1865 ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ፣ ተክነውበት ነበር። በኮኔቲከት ግዛት ብሪጅፖርት ከተማ የነበረ ሞኑመንታል ብሮንዝ የተባለ ኩባንያ ወታደሮችን ከዚንክ እያወጣ ይሸጥ ነበር። ዚንክ ተብሎ ቢቀርብ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ «ነጭ ነሐስ» አሉት። ኩባንያው ለሰሜኑም ለደቡቡም ሸጧል፤ ጦርነት ላይ የነበሩት ሁለት ወገኖች በየመናፈሻቸው ያቆሙት ወንድማማች ሐውልት ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የቀበቶ ዘለበትና የመሳሰለው ነገር ነበር። በሰሜኑ ወገን በሜይን ግዛት ያለችው ዮርክና በደቡቡ ወገን በደቡብ ካሮላይና ግዛት ያለችው ኪንግስትሪ የታዘዙላቸው ሐውልቶች በስሕተት ተለዋውጠው ነው የሚል ወሬም ለረጅም ዘመን ሲወራ ኖሯል። ወሬው እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ግን ሰው ለምን እንዳመነው ይገባል።

ልዩ ሥራ ማዘዝም ቢሆን ዋስትና አልነበረውም። በጆርጂያ ግዛት ኤልበርተን ከተማ በ1898 ከአካባቢው ግራናይት የተቀረጸ የደቡብ ወታደር ተመረቀ። መሸፈኛው ሲገለጥ ሕዝቡ አፈረ፤ ወታደሩ አጭርና ደንዳና ነው፣ የለበሰውም የሰሜኑን ካፖርት ይመስላል። ደቺ ብለው ስም አወጡለት። በ1900 አንድ ሌሊት ገመድ አስረው ጣሉት፤ እግሩ ተሰበረ፤ እዚያው በግንባሩ ደፍተው ቀበሩት። በ1982 ተቆፍሮ ሲወጣ የከተማው ሰዎች መኪና ማጠቢያ ውስጥ አስገብተው አጥበው ወደ ግራናይት ሙዚየማቸው ወሰዱት። የቀበረው ትውልድ ያፈረበትን የቆፈረው ትውልድ ወደደው።

አሁን ወደዚያ አረንጓዴ መስመር እንመለስ።

ጠንካራ የሚመስለው የነሐስ ወታደር ውስጡ ባዶ ነው። ቀራጺው መጀመሪያ ከጭቃ ይሠራዋል። ከጭቃው ላይ ቅርጽ መቀበያ ይወጣል፤ በመቀበያው ውስጥ ሰም በስሱ ይቀባና የወታደሩ የሰም ቅጂ ይገኛል። ሰሙ በውስጥም በውጭም እሳት በሚችል ሸክላ መሰል ነገር ይለበጣል። ከዚያ እሳት ውስጥ ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ የነበረበት ቀጭን ክፍተት ብቻ ይቀራል። መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሠሩት ነሐስ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ነሐሱ የሚቀመጠው ቀድሞ ሰሙ በነበረበት ቦታ ነው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙ አይርቅም። ትልቅ ሐውልት በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ራሱ፣ እጁ፣ ጠመንጃው ለየብቻ ወጥተው ይበየዳሉ። መጋጠሚያው ይሞረዳል፤ በመጨረሻ ነሐሱ በእሳት እየሞቀ ኬሚካል ሲቀባ ቡናማ ወይም ጥቁር መልክ ይይዛል። ያ መልክ የቀራጺው ምርጫ ነው። አረንጓዴው ግን የዝናብ ሥራ ነው።

ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ጭስ የሚወጣው ድኝ ከዝናብ ጋር ሲዋሐድ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ከመዳቡ ጋር ተገናኝቶ ነጣ ያለ አረንጓዴ ጨው ይፈጥራል። ዝናብ በቀጥታ የሚያጥበው ትከሻና ጉልበት አረንጓዴ ሲሆን፣ የተከለለው ብብትና የቆቡ ሥር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ዝንጉርጉርነት የዕድሜ ጸጋ አድርጎ ይወድደዋል። ጉዳቱ ግን አለ፤ እያንዳንዱ አረንጓዴ መስመር ከወታደሩ ገላ የሄደ መዳብ ነው፤ የልብሱ መታጠፊያና የጣቶቹ ጥፍር ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ባሕር ዳርቻ ያለው ሐውልት ደግሞ ሌላ ጠላት አለው፤ ጨዋማው አየር ነሐሱን እንደ ቁስል እያመረቀዘ ይበላዋል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የማይታየው ነው። በቀድሞ ዘመን ሐውልቱን ከውስጥ የሚደግፈው ብረት ነበር። ውኃ በመጋጠሚያው ከሰረገ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ነሐሱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ጥሩ ባለሙያ ጫማው ሥር ትንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳ የሚተወው። ያ ቀዳዳ በአቧራና በቅጠል ከተደፈነ የወታደሩ እግር በውኃ ይሞላል፤ ብርድ ባለበት አገር ውኃው በረዶ ሆኖ ያብጥና እግሩን ያፈነዳዋል። ዚንኩ ሌላ ጣጣ አለው። ከሩቅ ደህና ይመስላል፤ በዘመን ብዛት ግን በራሱ ክብደት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ ብየዳውም ይለያያል። ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ወታደር ካያችሁ ሰክሮ አይደለም።

እንክብካቤው ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ይዘነጋል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ለዘብ ያለ ሳሙና፣ ንጹሕ ውኃ፤ ከደረቀ በኋላ ስስ ሰም። ሰሙ በዓመት አንድ ጊዜ ቢታደስ ዝናቡ ነሐሱን አያገኘውም። በቅን ልብ የሚፈጸመው ጥፋት ግን ብዙ ነው። «እንዲያበራ» ተብሎ በአሸዋ ግፊት ወይም በብረት ብሩሽ የተፈገፈገ ሐውልት፣ ቀራጺው የሰጠውን መልክ በአንድ ቀን ያጣል፤ እርሱን የሚመልሰው የለም። ሌባም አለ፤ መጀመሪያ የሚጠፉት ሳንጃውና የስሞቹ የነሐስ ሰሌዳ ናቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ወታደር ሐዘን ነው ወይስ ፖለቲካ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ለማወቅ የሚረዳው መቆሚያው ላይ የተጻፈው ዓመት ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ደቡቦቹ መጀመሪያ ያቆሟቸው መታሰቢያዎች በብዛት መቃብር ቦታ ነበሩ፤ ለሞቱት። አብዛኞቹ ግን የቆሙት ከ1900 በኋላ፣ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን በተነጠቁበት ዘመን፣ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ነው። ወታደሩ ያው ነው፤ ጠመንጃውም ያው ነው። ቦታውና ዓመቱ ሲለወጡ ግን የሚናገረው ነገር ተለወጠ። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በ1913 የቆመው «ዝምተኛው ሳም» የተባለው ወታደር ዝናር ስላልታጠቀ መተኮስ አይችልም፤ ስሙም ከዚያ መጣ። በ2018 ተማሪዎችና ሌሎች ተቃዋሚዎች ጎትተው ጣሉት።

አንዳንዱ ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ትርጉሙ ይለወጣል። በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን በ1947 የቆመው የሶቪየት የነሐስ ወታደር አንገቱን የደፋ፣ ቆቡን በእጁ የያዘ ሐዘንተኛ ነው። ለሩሲያኛ ተናጋሪው ነዋሪ ናዚን ያሸነፉት አባቶቹ መታሰቢያ ነበር፤ ለብዙ ኢስቶኒያዊ ደግሞ ለግማሽ መቶ ዘመን አገሩን የያዘው ኃይል ምልክት። መንግሥት በሚያዝያ 2007 ሐውልቱን ከመሀል ከተማ ሲያነሣ ሁከት ተነሣ፤ አንድ ሰው ሞተ፤ የባንኮችና የመንግሥት ድረ ገጾች በኮምፒውተር ጥቃት ተመቱ። ወታደሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወታደራዊ መቃብር ቦታ ተተከለ፤ ዛሬም እዚያው አለ። መልኩ ከመጀመሪያውም የቀብር ስለነበረ፣ እንደ እኔ ከሆነ ቦታውን አግኝቷል። በቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሶፊያ መናፈሻ የነበረው የሶቪየት ጦር መታሰቢያ ዕጣው ሌላ ነው፤ በ2011 ሰዎች ወታደሮቹን የአሜሪካ የሥዕል መጽሐፍ ጀግኖች አስመስለው ቀቧቸው፤ በታኅሣሥ 2023 ምስሎቹን የማውረዱ ሥራ ተጀመረ።

በርሊን ግን በትሬፕታወር መናፈሻ በ1949 የቆመውን ወደ 12 ሜትር የሚደርስ የሶቪየት ወታደር አልነካችም። ሰይፉን ወደ ታች አውርዶ ሕፃን ልጅ በክንዱ ታቅፏል። የተሸነፈችው አገር የአሸናፊዋን ሐውልት በራሷ ወጪ ትጠግናለች፤ በ2003 አውርዳ አድሳ በሚቀጥለው ዓመት መልሳ አቁማዋለች። አንዱ ምክንያት በ1990 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የገባችው ውል ነው። ሌላው ከሐውልቱ ሥር ያለው ነው፤ በመናፈሻው ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ ወታደሮች ተቀብረዋል። እዚህ መቃብሩ ባዶ አይደለም።

ዋሽንግተን ውስጥ ክርክሩ የተነሣው ገና ሐውልቱ ሳይቆም ነው። በ1982 የተመረቀው የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ወታደር የለውም፤ ጥቁር ግድግዳና ከ58,000 በላይ ስም ብቻ። ስሞቹ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል የተጻፉ ስለሆኑ አብረው የወደቁ ጓደኛሞች ጎን ለጎን ናቸው። አንዳንድ ዘማቾች «ሰውየው የት አለ?» ብለው አጥብቀው ስለጠየቁ በ1984 የቀራጺው ፍሬደሪክ ሃርት ሦስት የነሐስ ወታደሮች ተጨመሩ። ሦስቱም ከግድግዳው ራቅ ብለው ቆመው ወደ ስሞቹ ያያሉ። ጎብኚው ቆሞ የሚያለቅሰው ግን ግድግዳው ጋ ነው፤ በጣት የሚዳሰሰው ስም ነው።

ስም ደግሞ ከነሐሱ ቀድሞ ይጠፋል። እብነ በረድ በዝናብ እየሟሟ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ እርሳስ በተባለው ማዕድን የተሞላ ፊደል እየተፈለቀቀ ይወድቃል። ድንጋዩን የሚያድሱ ባለሙያዎች የጠፋውን ለማንበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ሲመሽ ይመጡና የእጅ ባትሪ ከድንጋዩ ጋር አጋድመው ከጎን ያበራሉ። በቀን ልሙጥ የሚመስለው ድንጋይ ላይ ጥላ ያርፋል፤ መጀመሪያ አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ግማሽ ስም ይወጣል። ባትሪ የሌለው ሰውም ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ቢሄድ፣ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሊያነበው ይችላል።